አራት ማጣሪያ በአንድ ወጥ ቤት

ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ይነዘንዘኛል፣ ምላሴ ግን ታሞ አያውቅም። ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁና አሁኑኑ ሳቅ፤ ወደ በኋላ አትስቅም። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልክ ስናወራ የማትወደው ጨዋታ ላይ በደረስኩ ቁጥር "እማዬ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው" ትለኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

ባለፈው ወር የላክህልኝን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። "እማዬ፣ ለዕረፍት ሦስታችንም እንመጣለን፣ ግን ቤቱ የውሃ ማጣሪያ ይግባለት፤ ያለዚያ እሷ ሚጣን ይዛ አትመጣም" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ከኢንተርኔት የለቀምከው ዝርዝር፣ አራት ዓይነት ማጣሪያ፣ እያንዳንዱ በኮከብ ተመዝኖ። ውሃ በኮከብ! እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው ውሃ ድርጅት ላቦራቶሪ ስሠራ ውሃ በኮከብ የሚመዝን መሣሪያ አልገጠመኝም። "ቤተሰቤ በጣም ወዶታል፣ አምስት ኮከብ" ብላ የጻፈችውን ሴትዮ አይተሃታል? ከሥሩ ፎቶውን ለጥፋለች፤ የወደደችው ቀለሙን ነው።

እንቅጩን ልንገርህ፣ ደሜ ፈላ። ሚስትህ ጥርስ ሐኪም ናት፤ ስለ ውሃ የምታውቀው ሰው ተጉመጥምጦ የሚተፋውን ነው። እሷ ናት ለእኔ ስለ ውሃ የምታዝዘው? አልኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሚጣ የአሥራ አራት ወር ልጅ ሳለች እኔ ቤት ሰንብታችሁ፣ ልጅቷን ተቅማጥና ትውከት ይዟት ሦስት ቀን ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች። ሐኪሙ "ከውሃው ወይም ከጡጦው ነው" አለ። እኔ ቤት ሮጬ ውሃውን መረመርኩና ንጹህ ነው ብዬ ተመለስኩ። እንግዲህ የቀረው ጡጦው ነው፤ ጡጦው ደግሞ የሚስትህ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጣችሁም። የልጅ ልጄን በስልክ መስታወት ነው የማያት። ስትሮጥ አላየሁም፣ ስትኮላተፍ አጠገቤ ሆና አልሰማሁም። ባለፈው "የስልኳ አያቴ" ስትለኝ ሳቅኩላችሁ እንጂ ሆዴ ባብቶ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። አራቱንም ማጣሪያ ሰብስቤ በሙያው ደንብ ልመረምራቸው፣ እኔ ቤት ማጣሪያ ምንም እንደማይጨምር በወረቀት ላረጋግጥ፣ ወረቀቱን ማኅተም አስመትቼ ለሚስትህ ልልክላት። አንብባ አፏን እንድትይዝ። ይኸው ነበር ዕቅዴ፣ አልደብቅህም።

የመጀመሪያው ጆጉ ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ አዋሰችኝ። ላዩ ላይ መዳፍ የምታክል የከሰል ከረጢት አለችው፤ በየሁለት ወሩ ትቀየር ይላል መመሪያው።

"መቼ ነው የቀየርሻት?" አልኳት።

"ውይ እትዬ፣ ምን ጎድሏት? አሁንም ውሃ ታወርዳለች እኮ!"

ታወርዳለች! ወንፊትስ መቼ አላወርድም አለ? ከሰል ሽታ ይወስዳል፣ የክሎሪን ጣዕም ይወስዳል፣ እሱን አልክደውም። ተህዋስ ግን አይገድልም፤ ካረጀ ደግሞ ይባስ ብሎ ያራባል። ልብስ ሰፊዋ የመኪናዋ መርፌ ትንሽ ከደነዘ ጨርቅ ያበላሻል ብላ ወዲያው ትጥለዋለች። ለጨርቅ የሚያዝን አንጀት ለሆድ አያዝንም።

ሁለተኛው የአጎትህ መብራት ነው። ወንድሜ ዕቃ መግዛት እንጂ መመሪያ ማንበብ እንደማያውቅ ታውቃለህ። ውሃው በብረት ቱቦ ሲያልፍ ውስጡ ያለው አልትራቫዮሌት አምፑል ተህዋሱን ይገድላል፤ ነገሩ እውነት ነው፣ ትልልቅ የውሃ ጣቢያዎችም ይጠቀሙበታል። ፈትቼ ሳየው ግን አምፑሉ ጠቁሮ ከሞተ ቆይቷል። የሚበራው ኤሌክትሪክ መግባቱን የምትጠቁመው አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ናት።

"ምን ችግር አለው እህቴ፣ አረንጓዴ ማለት ሂድ ማለት አይደል?" አለኝ።

"ልክ ነህ፣ ውሃው ሄዷል። ተህዋሱም አብሮት ሄዷል" አልኩት። ሦስት ዓመት ለእንግዳ ሁሉ "የእኔ ውሃ እኮ በብርሃን የታጠበ ነው" እያለ ሲያጠጣ ኖሯል። እኔንም አጠጥቶኛል፣ ይቅር ይበለው።

ሦስተኛውን ያመጣው ከረባት ነው። ማጣሪያ ሻጭ ነው፤ ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ቀይ ከረባት እንጂ ሌላው ትዝ አይለኝም። ከማጠቢያው ገንዳ ሥር የሚገጠም ማሽን ነው፤ ውሃውን በግፊት በጣም ስስ በሆነ ወንፊት ያሳልፈዋል፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይሉታል። ለአሥር ቀን ሙከራ ገጠመልኝ። ማሽኑ ሥራውን ያውቃል፤ አንዲት ጆግ ሊያጠራ ሦስት ጆግ ወደ ፍሳሽ መድፋቱ ነው ክፋቱ። ያናደደኝ ማሽኑ ሳይሆን ሰውየው ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ብርጭቆ ደረደረ፤ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በአንዱ የማሽኑን ቀዳ። ከቦርሳው የብረት እግሮች ያሉት፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር አወጣና ሁለቱም ውስጥ ነክሮ ሰካው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የቧንቧው ውሃ ጭቃ መሰለ።

"ይኸው እማማ" አለኝ፣ ድምፁን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርጎ። "በየቀኑ የሚጠጡት ይሄን ነው። የእኛን ደግሞ ይዩት፣ ጥርት!"

"ጉድ እኮ ነው" አልኩት። "ትንሽ ጨው ልጨምርበት?"

"የቱ ላይ?"

"ያንተ ላይ።"

"ጨው… ለምን እማማ?"

ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩና "ንከር" አልኩት። ነከረ። የማሽኑ ውሃ ከቧንቧው ብሶ የዛገ ቆርቆሮ ያጠበ መሰለ። ያ ቆሻሻ ከውሃው የወጣ መሰለህ? የራሱ ብረት ነው እየተበላ የሚወርደው። ውሃው ማዕድን ካለው ኤሌክትሪኩ ይሄዳል፣ ብረቱ ይበላል፤ ከሌለው አይሄድም። በቃ! የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀውን ጨዋታ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለእኔ!

"እማማ፣ የት ነበር የሚሠሩት?" አለኝ ከረባቱን እያላላ።

"አሁን የሰደብከውን ውሃ ነበር የምመረምረው።"

ኩምሽሽ አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ምን ልዋሽህ። እንዲህ እያስፈራራ ስንቱን ምስኪን ቤት እንደዞረ አስበው። ማሽኑን ግን አሥሩ ቀን እስኪሞላ አላስነቀልኩትም፣ ለምርመራው እፈልገዋለሁና።

አራተኛው የሸክላ ማጣሪያ ነው፣ እኔው ራሴ የገዛሁት። ሁለት ባልዲ ተደራርቦ፣ መሐሉ ላይ ሻማ የመሰለ ነጭ ሸክላ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ አንድ ብርጭቆ ለመጠጣት ጥማትህን ቀጠሮ ማስያዝ አለብህ። ሸክላው በየጊዜው በብሩሽ ካልታጠበ ይደፈናል፣ ከተሰነጠቀ ዋጋ የለውም፣ መሰንጠቁን ደግሞ በዓይን አታየውም። ከረባት የሌለው መሆኑን ግን ወደድኩለት።

እንግዲህ ምርመራው። የድሮ ረዳቴ ዛሬ የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት። በእንፋሎት የተቀቀሉ አምስት ጠርሙሶች ሰጠችኝ። አራቱ የወጥ ቤቴን ውሃ ላሳለፍኩባቸው ለአራቱ ማጣሪያ፣ አምስተኛው ለማወዳደሪያ፣ ማለትም ምንም ያልተጣራ የወጥ ቤቴ ውሃ። ያለ ማወዳደሪያ ምርመራ ወሬ ነው፤ እንዲህ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማወዳደሪያው ንጹህ ሆኖ እንዲወጣና ሌሎቹን ሁሉ ከንቱ እንዲያደርግልኝ ነበር የምጠብቀው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

"እትዬ፣ አምስተኛውን ጠርሙስ ከየት ነው የቀዱት?"

"ከወጥ ቤቴ ነዋ።"

"ከወንዝ መስሎኝ ነው" አለች።

"እጅሽን ታጥበሽ ነበር ስትሠሪው?" አልኳት። ወዲያው ነው ከአፌ የወጣው፣ አንዲት ሰከንድ እንኳ አላሰብኩም። አሥራ ስምንት ዓመት አብራኝ የሠራችን ሰው! "እርስዎ ራስዎ መጥተው ይድገሙት" አለችና ዘጋችው።

ደገምኩት። የቧንቧውን አፍ በእሳት ለብልቤ፣ ውሃውን ደቂቃ ቆጥሬ አፍስሼ፣ ትንፋሼን ይዤ ቀዳሁ። ተህዋስ የሚራባባቸውን ሳህኖች በራሴ እጅ አዘጋጅቼ በራሴ እጅ ማሞቂያው ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ስከፍት የሸክላው ሳህን ባዶ፣ የከረባት ማሽንም ባዶ። የልብስ ሰፊዋ ጆግና የአጎትህ መብራት ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ። የወጥ ቤቴ ሳህን ደግሞ ቢጫው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ መቁጠር አልቻልኩም። ያ ቢጫ ከሰገራ የሚመጣ ተህዋስ ነው ልጄ። የሰው ይሁን የእንስሳ አይናገርም፣ ሰገራ መሆኑን ግን ይናገራል። ቅጹ ላይ "ለመቁጠር የሚያዳግት፤ ለመጠጥ የማይሆን" ብዬ ጻፍኩ። ስንት ሺህ ጊዜ ለሌላ ሰው ቤት የጻፍኩት ቃል ነው፤ አድራሻው ላይ ግን የራሴን ቤት ሞላሁ።

ቤት ስመለስ የክሎሪን መለኪያ ክኒኖቼን አወጣሁ። በሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ ቀድቼ ክኒን ጨመርኩ፤ ወዲያው ሮዝ ሆነ፣ ክሎሪን አለው፣ ጤነኛ ነው። ከወጥ ቤቱ ቀዳሁ፤ እንደ ነጭ አረቄ ቁጭ አለ፣ ምንም። በሁለቱ ቧንቧ መሐል ያለው የጣሪያው ታንከር ብቻ ነው። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራሁ። መሰላል አቁሞ ወጣና ገና ከላይ ሳለ "ኧረ እትዬ፣ እዚህ እኮ ሰፈር ተመሥርቷል!" ብሎ ጮኸ። ክዳኑ ለሁለት ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ርግቦች እየገቡ አፋፉ ላይ ጎጆ ሠርተዋል፣ ኩሳቸው ውሃው ላይ ነው የሚወርደው፤ ሥሩ ላባና ዝቃጭ ነው።

"መቼ የተሰበረ ይመስልሃል?" አልኩት።

"የቆየ ነው እትዬ። ስብራቱ በፀሐይ ነጥቷል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት…" አለና ፊቴን አይቶ አቆመ።

እኔ ግን መቼ እንደተሰበረ አውቀዋለሁ። እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት በነበረው ወር በረዶ የዘነበ ዕለት ጣሪያው ላይ ጓ ብሎ ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ። የጎረቤት ቆርቆሮ ነው ብዬ ተውኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ውሃ ስመረምር የኖርኩ ሰው የራሴን እንዴት አጣሁት ትለኛለህ። የሙያችን ደንብ ነው ያሞኘኝ። ድርጅቱ የሚጠየቀው እስከ በሩ ላለው ውሃ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ታንከሩም ቧንቧውም የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ናሙና የሚቀዳው ከዋናው መስመር ጋር በቀጥታ ከተያያዘው የመጀመሪያ ቧንቧ ነው። እኔም ቤቴን በየወሩ እመረምር ነበር፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሳልዘል፣ ሁልጊዜ ከበሩ። ባለቤቱ እኔ መሆኔ ትዝ አላለኝም! ሚጣ የታመመች ዕለትም ሮጬ የመረመርኩት የበሩን ነው። ሮዝ ሆነልኝ። ያችን ሮዝ ብልቃጥ ይዤ ነው ሆስፒታል እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ የገባሁት። በር ላይ እየቀዳ ወጥ ቤት የሚጠጣ ምሁር አይተህ ታውቃለህ? እናትህ ናት። ከረባት እንኳ ከእኔ ይሻላል፤ እሱ ማታለሉን እያወቀ ነው የሚያታልለው።

አሁን ሚስትህም እኔም የምናውቀውን፣ አንተ ግን የማታውቀውን ልንገርህ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

በመጣችሁ በማግስቱ ጠዋት አንተ ገና ተኝተህ ነበር። ሚስትህ ወጥ ቤት ገብታ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ጣደች። "ምን ልትሠሪ ነው?" አልኳት። "ለሚጣ ወተት መበጥበጫ ውሃ ላፍላ ብዬ ነው፣ ጡጦዋንም ልቀቅልበት" አለችኝ በጨዋ ደንብ። በእኔ ቤት! በእኔ ፊት! "እዚህ ቤት ውሃ አይፈላም፤ ለዚህ ውሃ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አልኩና ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ደፋሁት። ጡጦውን ከእጇ ወስጄ ራሴ በቧንቧው ውሃ አለቀለቅኩ፣ ራሴ ሞላሁ፣ ዱቄቱን ራሴ በጠበጥኩ፣ ለልጅቷ ራሴ አጠጣሁ። ሚስትህ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ፊቴን አየችና ተወችው። በየቀኑ እንደዚያ አጠጣኋት፣ እስከታመመችበት ቀን ድረስ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግን በአንተ ፊት፣ ነርሷ እየሰማች፣ "ልጅ የያዘች ሴት ጡጦ ታጥባለች" አልኳት። አንተ ዞር ብለህ አየሃት። አስተያየትህን አይቻለሁ ልጄ፤ ጠረጠርካት። "ያጠበችው እናትህ ናት" ብትል በዚያች ደቂቃ ያልቅ ነበር። አላለችም። እኔም አላልኩም። ውሸታም ሆኜ አይደለም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ውሃው ንጹህ ከሆነ ማን እንዳጠበው ምን ለውጥ አለው፣ ምናልባት እኔ ሳላይ ሌላ ነገር ሰጥታት ይሆናል፣ እያልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስቀባባ ነው የከረምኩት። ስለ ሚስትህ ለዘመድ ያወራሁትንማ አታንሳው።

ታንከሩ ባዶ ሆኖ በብሩሽ ተፍቆ በክሎሪን ታጥቧል፣ አዲስ ክዳን ገብቶለታል። አንድ ጊዜ መርምሬው ንጹህ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ የምመረምረው ከወጥ ቤቱ ነው። ረዳቴን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ "ለምጄዋለሁ እትዬ" አለችኝ፣ እሱ ደግሞ ከስድብ ባሰብኝ። ደግሜ እስክመረምረው ግን ውሃዬን እያፈላሁ ነው የምጠጣው።

የቀረው ላንተ አይደለም። ወረቀቱን ለሚስትህ ስጣትና ሂድ፣ ሚጣን አጫውታት።

ልጄ ልበልሽ? እስከ ዛሬ "የልጄ ሚስት" እንጂ ሌላ ብዬሽ አላውቅም። ጡጦሽ ንጹህ ነበር፣ እጅሽም ንጹህ ነበር። ልጅሽን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ውሃውን ላፍላ ስትዪኝ እንደ ሰው ብሰማሽ ኖሮ ያቺ ሕፃን ክንዷ ላይ መርፌ አይሰካም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ለምን ዝም እንዳልሽ ሳስበው ሰነበትኩ። ያን ጊዜ ብትናገሪ ልጄ እኔን ይጠላ ነበር፤ ያን አይተሽ ይመስለኛል። እኔን ከልጄ ላለማጣላት ብለሽ አንቺ በገዛ ባልሽ ተጠረጠርሽ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ኮሪደሩን በጩኸት አናጋው ነበር። አንቺን ንቄሽ ነው የኖርኩት፣ በምን አንጀትሽ ቻልሽኝ?

ብትመጡ ደስታዬ ነው፤ ማጣሪያውን አንቺ ያልሽውን አስገባለሁ፣ አራቱንም ካልሽ አራቱን። አልመጣም ካልሽም እውነትሽን ነው፣ አልቀየምሽም። አንድ ነገር ብቻ። ሚጣ አድጋ "አያቴ ጋ ለምን አንሄድም?" ብላ የጠየቀችሽ ቀን እንደዚያን ጊዜው አትሸፍኚልኝ። እንዳለ ንገሪያት።

ፈጣሪ ጤናውን ለሦስታችሁም ያብዛላችሁ።

አማትሽ